እርጉዟ ልትሸከመው የነበረው ድንጋይ

ዛሬ ከላሊበላ በታች፣ ጎረቤቴ ወርቄ ልትሸከመው የነበረው ድንጋይ ላይ ሄጄ ተቀመጥሁ።

ወርቄ ባሏ የሞተባት፣ መውለጃዋ የደረሰ ሴት ናት። ለችግረኛ በሥራ ስንዴ የሚሰጠው የሴፍቲኔት ሥራ መሪ ግን ለተራራው እርከን ድንጋይ ካልተሸከመች ስንዴ አታገኝም ብሏል።

«አባቴ፣ ይነሡ እንጂ፤ ሥራ አያስፈቱን» አለኝ መሪው።

«ድንጋዩን ከፈለግኸው ከነእኔው ተሸከመው» አልሁት።

ድንጋይ የሚሸከሙት ሴቶች ሣቁ፤ እሱ ስልክ ደወለ። ፖሊስ ስጠብቅ የወረዳው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ መጣች።

«ነፍሰ ጡር ሳትሠራም ስንዴዋን ታገኛለች፤ ደንቡ ይኸው ነው» አለችው። ወርቄንም ወደ ቤቷ ሰደደቻት።

«እንግዲህ ይነሡ» አሉኝ ሁለቱም። ስንዴው ቤቷ እስኪገባ ጠዋት ጠዋት እዚሁ ነኝ አልኋቸው። ድንጋዩም ለምዶኛል።

በእናንተ ቀበሌ እርጉዝ ድንጋይ ስትሸከም ያያችሁ፣ ምን አደረጋችሁ? ጻፉልኝ። ዝም ያለም ካለ ዝም ማለቱን ይጻፍ።