የዘለልኳት አንዲት መስመር

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ማህሌት ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችና «አባዬ፣ ከእነዚህ የቱ ይሻላል?» አለችኝ። መነጽሬን ፈልጌ አየሁት። ሁለት ሰማያዊ ሲሊንደሮች ከነቧንቧቸው ተጋድመዋል። የናይትረስ ዕቃ ነው፤ ሞተር ላይ ገጥመው ቁልፏን ሲነኳት መኪናዋን ለጥቂት ሰከንድ የምታስፈነጥረው ጋዝ። ማህሌት ከላሊበላ ኤርፖርት እንግዳ የምታመላልስባት የቤንዚን መኪና አለቻት፤ ዳገት ላይ ታለከልካለች። እኔንም በእርሷ ዕድሜ ይኸው በሽታ ይዞኝ ነበር። ልቆጣት አፌን ስከፍት ሳቅ ቀደመኝ።

የላስታ ደጋ ለመኪና አይመችም። ሰው እንኳን ይለምደዋል፤ ሞተር ግን አየሩ ሲሳሳበት ሜዳ ላይ የነበረውን ጉልበት ትቶ ያቃስታል። ናይትረስ እንግዲህ በጠርሙስ የታሸገ ትንፋሽ ማለት ነው። ያኔ እኔ የምነዳት አንዲት አሮጌ ነጭ ፒክአፕ ነበረች። አዲስ አበባ የመኪና እሽቅድምድም የሚወዳደር አንድ ወዳጄ ለገና ሲመጣ ሁለት ዓይነት ዕቃ ይዞ መጣና «አንዱን ምረጥ» አለኝ። እኔ ምኑን አውቄ! ጠርሙሱ ትልቅ የሆነውን፣ የሚያብለጨልጨውን አንስቼ ጋሽ ሰይድ ጋራዥ ሮጥኩ።

ጋሽ ሰይድ የወልድያ ሰው ናቸው፤ ላሊበላ ጋራዥ ከፍተው እዚያው ያረጁ። ዕቃውን አገላብጠው አዩና «አንተ፣ ሚስት የምትመርጠውም በቁመቷ ነው?» አሉኝ። «ይቺ ጋዙን ብቻ ነው የምትነፋው። ሌላዋ ግን ከጋዙ ጋር ቤንዚኑንም ታመጣለች፤ ለጀማሪ እሷ ናት። ጋዝ ገብቶ ቤንዚን ካልተከተለው ፒስተኑን እንደ ጧፍ ያቀልጠዋል።» እያፈርኩ ሄጄ ቀየርኩ። እሳቸው ግን አሁንም አልገጠሙልኝም። «የታመመ በሬ በጅራፍ አይመታም» ብለው ሁለት ሳምንት ሙሉ ሞተሯን አከሙ፤ ካንዴላውን ለወጡ፣ ካርቡሬተሩን አጠቡ፣ የነዳጅ ፓምፑን ፈተሹ። ከዚያ በኋላ ነው ጋዙ የሚወጣበትን ቀዳዳ ከሁሉም ጠባቡን መርጠው፣ ጠርሙሷን ከኋላ በብረት ቀበቶ አስረው፣ ፀሐይ እንዳይመታት አሮጌ ጋቢ ያለበሷት። ጠርሙሷ ተሞልታ እንኳ ተደምሮ ሦስት ደቂቃ አትሞላም፤ የምትሞላውም አዲስ አበባ ነው።

በመጨረሻ «ደንቡን በቃልህ ካላልክልኝ ቁልፏን አላገናኝልህም» አሉኝ። እኔ ደግሞ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። በቃል መያዝ የማውቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ልጆች ንባብ ሲማሩ እየተወዛወዙ በሚያዜሙት በውርድ ንባብ። ደንቡን በዚያ ዜማ አስገባሁት። «ጠርሙሷ ከጥላ ትዋል፣ ቫልቯ ሲቆም ይዘጋ፣ ሞተሩ ይሙቅ እንጂ አይፍላ፣ ነዳጇ ከግማሽ አይጉደል፣ መንገዱ ቀጥ ይበል፣ ሁለተኛ ማርሽ ይግባ፣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይረገጥ፣ ከዚያ ወዲያ ንካት።» ጋሽ ሰይድ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «እኛም ልጅ ሆነን ቁርኣን የቀራነው እንዲሁ እየተወዛወዝን ነው» አሉኝና ቁልፏን አገናኙልኝ።

አባቴ ግን አልሳቁም። ዲቁናውን ትቼ መሪ ከጨበጥኩ ጀምሮ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «ሹፌሩ መጣ?» «ሹፌሩ በላ?» ነው። መኪናዬ ላይ አንድ ቀን እንኳ አልወጡም፤ ብልባላ ድረስ በእግራቸው ሲሄዱ አቧራዬን አልብሻቸው ያለፍኩበት ቀን አለ፤ ቆሜ ብለምናቸው በዱላቸው «እለፍ» አሉኝ። ያ ነገር ያንገበግበኝ ነበር።

በሁዳዴ ጾም መካከል ከጋሸና ማዶ ካለችው ከኮን መልእክት መጣ። አባቴን ድጓ ያስተማሯቸው የኔታ ታመዋል፤ «ሳልሞት ላግኘው» ብለዋል። አባቴ መልእክቱን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ጋቢያቸውን ደርበው ወጡና መኪናዋ አጠገብ ቆሙ። «ሹፌሩ፣ ታደርሰኛለህ?» አሉኝ። ሮጬ በሩን ከፈትኩላቸው።

ያን ሰሞን ቤንዚን ከላሊበላ ጠፍቶ ነበር፤ ጋሸና ላይ እሞላለሁ ብዬ በሩብ ታንክ ተነሳሁ። መንገዱ ያኔ ጠጠር ነው። ኤርፖርቱን አልፈን ቆላውን ስናቋርጥ ሙቀቱ አቧራውን ይዞ በመስኮት ይገባል፤ የታጨደው ማሳ ወና ሆኖ ይታያል። ሰው ሲጨንቀው የለመደውን ነውና የሚያንጎራጉረው፣ እኔም ሳላውቀው ደንቤን በውርድ ንባብ እል ነበር። አንዴ ጨርሼ እንደገና እጀምራለሁ። አባቴ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ወደ ፊት ያያሉ፤ የሚሰሙኝም አልመሰለኝም።

ከጋሸና በታች ያለው ዳገት ላይ ፒክአፗ አቃታት። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሆና ታቃስታለች፤ ጨው የጫኑ አህዮች ከጎናችን እኩል ይሄዳሉ። አባቴ አህዮቹን አዩ፣ ፀሐይዋን አዩ። «ያቺ ጠርሙስ ታፈጥናለች ይባላል» አሉ። «እውነት ነው?»

ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ የመጀመሪያቸው ነበር። ደስታው ራሴን አዞረው። ነዳጅ መለኪያውን አየሁ፤ መርፌው ከሩብም ወርዷል። ዳገቱ ደግሞ ቤንዚኑን ወደ ኋላ ያሸሸዋል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ግን የኔታ እየጠበቁ ነው፣ አባቴ ጠይቀውኛል፣ ፊት ለፊቴ መንገዱ ቀጥ ብሏል። «አሳይዎታለሁ አባባ» አልኩና ለወጉ ደንቡን ጮክ ብዬ ጀመርኩ። «ጠርሙሷ ከጥላ ትዋል፣ ቫልቯ ሲቆም ይዘጋ፣ ሞተሩ ይሙቅ እንጂ አይፍላ፣ መንገዱ ቀጥ ይበል...»

«ዘለልክ» አሉ አባቴ።

እጄን ከቁልፏ አነሳሁ።

«ከመጀመሪያው በል» አሉ፤ ተማሪ ቤት እንደሚሉት፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ። «ከማለዳ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ስትለው ሰምቻለሁ። ከሞተሩ ቀጥሎ ነዳጇ ነው የምትለው።»

እግዜር ያሳያችሁ፤ ጸሎት መስሏቸው ሰምተውት፣ ደንብ መሆኑን ደርሰውበት፣ በቃላቸው ይዘውታል። ከመጀመሪያው አልኩ። «ነዳጇ ከግማሽ አይጉደል» ላይ ስደርስ መርፌውን አየሁ።

«ጎድላለች?»

«ጎድላለች፣ አባባ።»

«እንግዲያ እንደሆነችው ትሁን።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። «የኔታ ይጠብቁኛል። ባይጠብቁኝም ዘልሎ መጣ አይሉኝ» አሉ። ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ሲያነሱ አየሁ። እኔም አለቀስኩ፤ በኀፍረት ይሁን በሌላ፣ ዛሬም አላውቀውም። አህዮቹ ቀደሙን።

ጋሸና ላይ ከአንድ የማውቀው ሰው ቤት ቤንዚን አግኝቼ ታንኩን ሞላሁ። ወደ ኮን ስንዞር ደጋው ሜዳ ነው፤ ነፋሱ ብርድ፣ መንገዱ ጭር ያለ። አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አሁንስ ሙሉ ነው?» ሙሉ ነው አልኳቸው። «በለው እንግዲህ።» አንድም ሳልዘል አልኩት፤ እሳቸውም ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጬ ነካኋት። ፒክአፗ አገሳችና ተወነጨፈች፤ አባቴ በአንድ እጃቸው ጥምጣማቸውን፣ በሌላው ክንዴን ያዙ። አሥር ሰከንድ ቢሆን ነው። ሲያበቃ ቀና ብለው ተቀመጡ፣ ጥምጣማቸውን አስተካከሉ። «ድገማት» አሉኝ።

የኔታ በሕይወት ደረስንባቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ አባቴን በድምፃቸው አውቀው እጃቸውን ጨብጠው አልለቅም አሉ። ከሰዓት ቅዳሴ ሲወጣ የገብስ እንጀራ በስልጆ ቀረበልን፤ እንደዚያ የጣመኝ ምግብ የለም። የኔታ ሌላ ሰው መኖሩን ሰምተው «ይህስ ማነው?» አሉ።

«ልጄ ነው» አሉ አባቴ።

«ንባብ ያውቃል?»

አባቴ አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። «ያውቃል» አሉ፤ «አይዘልም።»

የኔታ በሳምንቱ ዐረፉ። አባቴም ከዚያ በኋላ ሹፌሩ ብለውኝ አያውቁም፤ እሳቸውም ካለፉ ብዙ ዘመን ሆነ። ጠርሙሷን ዳግመኛ አላስሞላኋትም፤ ዛሬ የግቢያችንን በር በነፋስ እንዳይዘጋ የምትደግፈው እሷው ናት።

ለማህሌት ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። መጀመሪያ ሞተርሽን አሳክሚ፣ ከዚያ ቤንዚን ይዛ የምትመጣዋን፣ እሷንም ከነትንሿ ቀዳዳ፣ አልኳት። ደንቡን ደግሞ በቃልሽ ትይዣለሽ። እሷ እቴ! ሳቀችብኝ፤ ትምህርት ቤት ሳደርሳት ስላንጎራጎርኩት ከፊደል በፊት ነው የምታውቀው። ቢሆንም ጀመርኩላት። ጥላውን አልኩ፣ ቫልቩን አልኩ፣ ሞተሩን አልኩና መንገዱ ቀጥ ይበል አልኩ።

«አባዬ፣ ዘለልክ» አለችኝ።

አልዘለልኩም። አሁን አሁን እዚያች መስመር ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ፤ በውስጤ የሚላት ሌላ ሰው ነው። ግን እንዴት ብዬ ላስረዳት?

«ከመጀመሪያው በል» አለችኝ።

ከመጀመሪያው አልኩላት።