የሺመቤት ከሰዓት በኋላ የት ትውላለች?

ዛሬ ወይን ስለቅም ዋልኩ። እጄ እስከ ክርኔ በወይን ጭማቂ ተጨማልቆ፣ ወገቤ አልቀና ብሎኝ፣ ከማሳው ዳር ቁጭ ብዬ ዳቦና አይብ ስበላ አንድ የሞጣ ቀን ትዝ አለኝና ለብቻዬ ሳቅሁ። እዚህ የፈረንሳይ ገጠር ሞጣን ማን ያውቃል? ብነግራቸውም በእኔ ፈረንሳይኛ አይጥምም። በአማርኛ ልጻፈው እንጂ፤ በአማርኛ እጄ እየተፍታታ ነው።

ያኔ ቢቸና ስምንተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ። አዲስ አበባ በፈረንሳይኛ የሚያስተምር አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ሊቀበለኝ ፈቅዷል፤ የቀረው የአባቴ ቃል ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ አገሩ ሁሉ፣ እኛ ልጆቻቸውም ጭምር፣ «የኔታ» ነው የምንላቸው። እሳቸው ደግሞ እሺም እምቢም አይሉም። «ባሕር ማዶ የሄደችው የሺመቤት መጥታለች አሉ። እሷን አይቼ እቆርጣለሁ» አሉ።

የሺመቤት የአክስቴ ልጅ ናት። ከዚያው ትምህርት ቤት ተነስታ ፈረንሳይ ሄዳ፣ ለዕረፍት እናቷ ዘንድ ሞጣ ገብታለች። ገና ሳላያት ቀናሁባት። ልጆች ሳለን ዳዊት ቀድሜ የደገምኩት እኔ ነበርኩ! አሁን የእኔ ዕድል በእሷ አፍ ውስጥ ገባ።

ሐምሌ ነው። ከየኔታ ጋር በጭነት መኪና ተሳፍረን ስንሄድ ዋልካው ጎማውን ይዞ አልለቅም እያለ፣ እየወረድን እየገፋን፣ እኔ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ ሞጣ ደረስን። የሺመቤት በር ላይ ቆማለች። ጫማዋ ነጭ ነው። በሐምሌ ነጭ ጫማ! ስንሳሳም ደግሞ አንድ ደስ የሚል ሽታ ሸተተኝ፤ ያንን ሽታ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ትኩስ ድንች በአዋዜ ቀረበ። የኔታ ከበሉ በኋላ፣ «ትምህርቱስ ደግ ነው። ለመሆኑ ከሰዓት በኋላ የት ትውያለሽ?» አሏት።

«ኧረ የኔታ፣ ዋናው እሱ ነው!» አለች። ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አፏን ሳትከፍት እንደ ቆየች፣ ፈረንሳይኛውን ያገኘችው ውጭ መሆኑን አወራች። ቤታቸው ካስቀመጧት ባልቴት ጋር ቅርጫት ይዛ ገበያ ትወርዳለች፤ ዓይናቸው ለደከመ ሽማግሌ ጎረቤት ጋዜጣ ታነባለች፤ እሑድ እሑድ ከከተማው መዘምራን ጋር ትዘምራለች፤ በመስከረም ከየአገሩ ከመጡ ተማሪዎች ጋር የሰው ወይን ትለቅማለች። አንዱን በተናገረች ቁጥር እኔ በቅናት እቆጥርባታለሁ።

አክስቴ ድንቹን አስቀመጡ። «ዋ! ዝም በይ! ልጄ ቀለም ቆጠረች ብዬ ለሞጣ ሰው ሁሉ አውርቼ፣ ለካ የሰው አትክልት ለቃሚ ነሽ?»

ደስ አለኝ። ያ ነጭ ጫማ ጭቃ የነካው መሰለኝ። ወዲያው ግን የእሷ መዋረድ የእኔ መቅረት መሆኑ ገባኝ።

የኔታ ግን፣ «የዚያ አገር ውሻ ይናከሳል?» አሉ።

«አንዱ ቀሚሴን ቀዶብኛል፣ የኔታ።»

ጥምጥማቸው እስኪንሸራተት ሳቁ። «ይቺማ የቆሎ ተማሪ ናት! እኔም ደብረ ኤልያስ ሳለሁ ቅኔውን ከመምህሬ ተማርኩ፤ ሰውን ግን የተማርኩት በየደጁ ቁራሽ ስለምን ነው። ውሻ ያላሯሯጠው ተማሪ ምን ተማረ ይባላል?» ወደ እኔ ዞሩ። «የእኛዋ ይታይሽ ግን እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትደበቃለች። በባዕድ ደጅ ማን ይናገርላታል?»

«እናገራለሁ!» አልኩ።

«እንግዲያ ከጎረቤት ደጅ ቁራሽ ለምነሽ አምጪ።»

«የመሪጌታ ልጅ! በሞጣ መካከል!» ብለው አክስቴ ጮኹ። «ሴት ልጅ እንዲህ ስትለምን የት ታይቷል?»

«ሴት ልጅ ባሕር ስትሻገርስ የት ታይቷል?» አሉ የኔታ።

ካፊያው ላይ ወጣሁ። የጎረቤቱ ውሻ ከአጥሩ ሥር ተነስቶ ሲጮህብኝ ድምፄ ጠፋ። አፌን እከፍታለሁ፣ ምንም አይወጣም። የሺመቤት ነጭ ጫማዋን ጭቃ ውስጥ እየዘፈቀች መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«አይዞሽ ይታይሽ፣ እኔም መጀመሪያ እንዲሁ ነበርኩ። አብረን እንበለው?»

አብረን! እዚህም ልትቀድመኝ! ንዴቱ ጉሮሮዬን ከፈተው። «በእንተ ስማ ለማርያም!» ብዬ ስጮህ ውሻው እንኳ ዝም አለ።

የቤቱ እመቤት ብቅ አሉ። «ምን ጉድ ነው! ቀሚስ የለበሰ የቆሎ ተማሪ ደግሞ ከየት መጣ?» እያሉ፣ እየሳቁ፣ ግማሽ እንጀራ ሽሮ አድርገው ጠቅልለው ሰጡኝ።

የኔታ ቆርሰው ቀመሱ። አላመጡ፣ አላመጡና «ትሂድ» አሉ።

የአዲስ አበባውን ትምህርት ቤት ጨርሼ ይኸው ፈረንሳይ መጣሁ። ቅናቴም ባሕሩን አብሮኝ ተሻገረ። ገበያ ብወርድ፣ ብዘምር፣ ወይን ብለቅም፣ ሁሉም እሷ የረገጠችው መንገድ ነው። ክፉ ብትሆን ኖሮ ጠልቻት አርፍ ነበር። ካፊያ ላይ መጥታ አጠገቤ የቆመችን ልጅ ግን ምን ብዬ ልጥላት? እወዳታለሁ፣ እቀናባታለሁ፤ ሁለቱም እኩል እየከበዱኝ እዚህ ደርሻለሁ።

ያለሁበት ቤት ባልቴት አንድ አሮጌ ብስክሌት አላቸው። የሺመቤት ብስክሌት አትችልም፤ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። እኔ ነገ እጀምራለሁ።