እየቆፈራችሁ አጽናኑኝ

ዛሬ ጠዋት ጓሮ ብወጣ፣ ጃርት እንሰቴን ከሥሩ በልቶ ጥሎታል!

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቅቶኛል። እገባለሁ፣ እወጣለሁ፣ ጃርቱን እራገማለሁ። እሱ ጠግቦ ተኝቷል።

በጃንሆይ ጊዜ፣ ልጅ ሆኜ፣ ፎንቆ የምትባል መንደር እያለን እናቴም ይኸው ደርሶባት ነበር። ጎረቤቶች "አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል" ሊሏት መጡ።

እሷ ግን መቀመጫ አላቀረበችላቸውም። መቆፈሪያ እያስያዘች "እየቆፈራችሁ አጽናኑኝ፤ ዝናቡ እየደረሰ ነው" አለቻቸው።

ከጃርት የተረፈውን የእንሰት ሥር ሰንጥቀው ቀበሩት። ከወራት በኋላ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ብዙ ችግኝ ወጣ። ያሳደገኝ ቆጮ ከዚያ የመጣ ነው።

እኔም አሁን የተረፈውን ሥር ልሰነጥቅ ገጀራዬን እየሳልኩ ነው።

እናንተስ፣ እንዲህ ሲደርስባችሁ መጀመሪያ በእጃችሁ ያነሳችሁት ምን ነበር? ጻፉልኝ። "አይዞህ" ብቻ የሚለኝ ሰው ግን መቆፈሪያ ይዞ ይምጣ!