ልጄን ትምህርት ቤት ለማስገባት ሽማግሌ ላክሁ

ነገሩ የሆነው አምና መስከረም፣ ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው ነው። ከዚያ ወዲህ ድካም በድካም ላይ ተደራርቦብኝ የትኛው መቼ እንደሆነ ይምታታብኛል። የዚያ ቀን ነገር ግን ከነሰዎቹ ፊት ይታየኛል።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ልብስ እሰፋ ነበር። የስምንት ዓመት ልጄን ኪሩቤልን የማሳድገው ብቻዬን ነው፤ አባቱ በሕይወት የለም።

ኪሩቤል ቁጭ ማለት አይሆንለትም። አንዱን ሳይጨርስ ሌላ ይጀምራል። መምህር ጥያቄውን ሳይጨርስ እሱ መልሱን ይናገራል። ጠዋት የገዛሁለት እርሳስ ከሰዓት አይገኝም። «ቀብጦብሽ ነው፣ ግረፊው» ያለኝ አለ፤ «ጠበል ውሰጂው» ያለኝም አለ። ሁለቱንም አድርጌያለሁ። በመጨረሻ ባሕር ዳር ያየው ሐኪም ችግሩ ኤዲኤችዲ እንደሚባል፣ ትኩረት የመሰብሰብና የመርጋት ችግር እንጂ ጥጋብ እንዳልሆነ አስረዳኝ። የሚታገሥ ትምህርት ቤት ፈልጊለት አለኝ። ማለቱ ቀላል ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ቻለውና በሚቀጥለው አልመዘግብም አለ። ሁለተኛው «ሌሎቹን ልጆች በጠበጠብን» ብሎ በዓመቱ አጋማሽ አሰናበተው። ቀሪውን ጊዜ ከእኔ ጋር ሱቅ ዋለ። ዘንድሮም ከቀረ ከእኩዮቹ ተለይቶ መቅረቱ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ቡሬ ውስጥ ልጅ የማይገረፍበት ትምህርት ቤት እንዳለ ሰምቼ ደወልሁ። ቦታ የለንም አሉኝ።

ይህን ለአባቴ ወንድም ለአያ ጥላሁን ብነግራቸው ሳቁብኝ።

«በስልክ የተለመነ ነገር መቼ ይሆናል? ሰው ይላካል እንጂ።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፣ እሺ አልሁ። አያ ጥላሁን የንስሐ አባታችንንና ጎረቤታችንን የጨርቅ ነጋዴውን አቶ ሰኢድን ይዘው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ቀደሙ። እኔ ኪሩቤልን በእጄ ይዤ ተከተልሁ። በሚኒባስ ቡሬ እስክንደርስ ሾፌሩን በጥያቄ ሲያደርቀው ነበር።

ርዕሰ መምህርቷ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ሴት ናት። ሽማግሌዎቹን ስታይ ብድግ ብላ ወንበር አቀረበች። ማን ይቀመጥ። እንደ ደንቡ ተደርድረው ቆሙ።

«ልመና ይዘን ነው የመጣን» አሉ አያ ጥላሁን። «ቃልሽን ሳንሰማ አንቀመጥም።»

ኪሩቤልን ግቢው ውስጥ ትቼው እኔ በሩ ጥግ ቆሜያለሁ። አያ ጥላሁን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሽማግሌ ሆነው የሄዱት ሚስት ለመጠየቅና የተጣላ ለማስታረቅ ነው። አፋቸው የለመደውን ያዘ።

«ልጃችን ጭምት ነው። አንገቱን የደፋ ነው። ካስቀመጡት አይነሳም። ቀና ብሎ ሰው አያይም።»

የንስሐ አባታችን አንገታቸውን ነቀነቁ። አቶ ሰኢድም «ድምፁን ሰምተን አናውቅም» ብለው ጨመሩበት። እኔ መሬቱ ቢከፈትልኝ ደስ ባለኝ። ይባስ ብሎ በዚያው ቅጽበት ጭምቱ ልጅ ከውጭ የመስኮቱ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ «እማ፣ አልጨረሳችሁም?» አለ። አያ ጥላሁን እንዳላዩ ሆነው ስለ ዘሩ ጨዋነት ቀጠሉ።

ርዕሰ መምህርቷ መስኮቱንም እሳቸውንም አየች።

«አባቶቼ፣ ይህን ያህል ጭምት ከሆነ ሽማግሌ መላክ ለምን አስፈለገ?»

አያ ጥላሁን ጋቢያቸውን ማስተካከል ያዙ። ሽማግሌ በተላከበት የላከው ሰው አይናገርም፤ ሴት ስትሆን ደግሞ ጭራሽ። ግን ዝም ብል ልጄ በውሸት ገብቶ በሳምንቱ እንደሚመለስ አወቅሁት። ሦስተኛ መባረር ደግሞ አልችልም ነበር፤ እሱም አይችልም።

«አያ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልሁና ተናገርሁ። ከሁለት ትምህርት ቤት እንደተመለሰ፣ እንደማይቀመጥ፣ እርሳሱን እንደሚጥል፣ ሐኪሙ ያለውንም ጭምር። «አልዋሽሽም፣ ያስቸግራችኋል» ብዬ ጨረስሁ። ከዚያ በኋላ ውጡ እስክትለን ነበር የምጠብቀው።

«የሚረጋው ምን ሲያደርግ ነው?» አለችኝ።

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የሚያጠፋውን ለመዘርዘር አፌ ተለማምዷል፤ ይህን ለመመለስ ግን ማሰብ ነበረብኝ። በኋላ ሱቅ የዋለበት ጊዜ ትዝ አለኝ። መርፌው እንዳይንቀሳቀስ የስፌት መኪናውን ቀበቶ አወልቅለትና ከሥር ፔዳሉን እየረገጠ ያነባል፤ እግሩ እስከሠራ ድረስ መጽሐፉን አይለቅም። ይህንኑ ነገርኋት።

«እንግዲያው ከኋላ ቆሞ ይጻፍ። ሰሌዳ ማጥፋቱም የእሱ ሥራ ይሁን» አለች። ቀጥላም፣ «ይለወጣል ብዬ ቃል አልገባልሽም። ክፍሉ የታጨቀ ነው፣ መምህሯም ሰው ናት። ሲያጠፋ አስጠራሻለሁ። ውሰጂው ለማለት ግን አይደለም።»

ሽማግሌዎቹ ይሄኔ ተቀመጡ። አያ ጥላሁን የመጨረሻው ነበሩ።

ስንመለስ አያ ጥላሁን ሚኒባሱ ውስጥ እንደተኮሳተሩ ነው። «ሽማግሌ ልኮ በሽማግሌ ላይ መናገር ዘንድሮ አየን» አሉ።

«ልጁን አስገባን አይደል እንዴ አያ ጥላሁን? ሌላ ምን ፈለጉ?» አሏቸው አቶ ሰኢድ።

ኪሩቤል እኔ ጭን ላይ ነበር። በዚህኛው ጉዞ ሾፌሩን አንድም ነገር ሳይጠይቅ ወደ እኔ ዞረና፣

«እማ፣ ያልሽውን ሰማሁ» አለኝ።

ደነገጥሁ። «የቱን?»

«ሁሉንም። እርሳስ እንደምጥልም። ሴትዮዋም ሰምታለች?»

«ሰምታለች።»

«ሰምታ ነው የተቀበለችኝ?»

«አዎ፣ ሰምታ ነው።»

 ፊቱን ደረቴ ላይ አድርጎ ተኛ። በቀን ተኝቶ አያውቅም። እኔም አለቀስሁ፤ አያ ጥላሁን አይተው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩልኝ።

አሁን የምንኖረው ቡሬ፣ በተከራየሁት ክፍል ነው። ደንበኞቼ እዚያው ፍኖተ ሰላም ቀሩ፤ እዚህ እንደ አዲስ ጀማሪ ሆኛለሁ። ኪሩቤልም ያው ኪሩቤል ነው። መምህሯ የምትችልበት ቀን አለ፣ የማትችልበት ቀን አለ፤ እኔም እንደዚያው። ብዙ ጊዜ ተጠርቻለሁ። ደክሞኛል፣ አልደብቅም። ግን ልጄን ሌላ ልጅ አስመስዬ ሰው ፊት የማቀርብበት ድካም ቀርቶልኛል። ከድካሞቼ ሁሉ የባሰው ያ እንደነበረ ያወቅሁት ሲቀርልኝ ነው።