ቀዝቃዛው ታምቡር

ከቤት የወጣነው ትራክተር ልናመጣ ነው። ባለቤቴ ተሾመ ካራ ያለውን የአባቱን መሬት ክረምት ሳይገባ በራሴ ትራክተር ማረስ አለብኝ ብሎ፣ እንጦጦ ላይ ድንጋይ ሲያመላልስ የኖረ አሮጌ ትራክተር ገዝቷል። የቀረው ከጋራው አውርዶ ካራ ማድረስ ብቻ ነው። እኔን ነይ ያለኝ የለም። ግን ያንን ቁልቁለት አውቀዋለሁና እቤት ቁጭ ብዬ ልቤ ከሚጠፋ ብዬ ተከተልኩት።

ሲግናል ሰፈር ካለ ጓደኛው ጎማ ማንሻ ክሪክና ቁልፍ ተዋሰ። ሾላ ገበያ ወርደን ዳቦና ሙዝ ገዛሁ፣ እሱም ዕቃ ማጠቢያ የሚሆን ቤንዚን በጀሪካን ይዞ መጣ። ቀጥሎ የያዝነው ታክሲ ወያላ ክሪኩን ሲያይ «ይሄማ የአንድ ሰው ቦታ ይዟል፣ ይከፈልበታል» አለ። ተሾመ ሳይከራከር ከፈለ። ለአምስት ሳንቲም ፀጉር የሚሰነጥቅ ሰውዬ ነው! ገረመኝ።

እንጦጦ

ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ በእግር ወጣን። ባሕር ዛፉ ውስጥ ብርዱ አጥንት ይገባል። ሻጩ ጋሽ ደምሴ ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ሽማግሌ ናቸው፤ ቆሎ አቀረቡልን፣ ሞተሩንም አስነስተው አሳዩን። ከዚያ «ልጄ፣ ፍሬን ስትይዝ ትንሽ ወደ ግራ ይስባል እንጂ ሌላ እንከን የለውም» አሉት። እኔ ከዚያ ሁሉ ወሬ የሰማሁት «እንጂ» የምትለዋን ብቻ ነው።

ተሾመ ወንበሩ ላይ፣ እኔ በስተቀኙ የጎማው መከለያ ላይ ተቀምጬ ቁልቁል ጀመርን። ፍሬን በያዘ ቁጥር ትራክተሩ ወደ ግራ ይሳባል፤ በግራ በኩል ደግሞ ገደል ነው። እመቤቴን መጥራት ጀመርኩ። ብዙም ሳንሄድ የሚቃጠል ነገር ሸተተን። ተሾመ ወርዶ እጁን ወደ ግራው ጎማ የፍሬን ታምቡር ሲያስጠጋ ግለቱ መለሰው። ይሄ ፍሬን አልለቅ ብሎ እየፋቀ ነው፣ ስለጠበቀ ነው የሚስበው ብሎ በቁልፍ አላላው። እኔም የሚሸተው እሱ ስለሆነ አመንኩት፤ እንዲያውም በደንብ አላላው አልኩ።

ቁልቁለቱ

የሚቀጥለው ቁልቁለት ላይ ተሾመ የግራና የቀኝ ጎማውን ሁለቱንም የፍሬን ፔዳሎች ረገጠ፤ እስከ መጨረሻው ወረዱ፣ ትራክተሩ ግን አልያዘም። ማርሽ ሊቀንስ ፍሪሲዮን ሲረግጥ ሞተሩም ጎማውን መያዙን ተወና ትራክተሩ ጭራሽ ተለቀቀ። ማርሹ ተንገጫገጨ እንጂ አልገባም። ከፊታችን አንዲት ሴት የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው ይወርዳሉ። «እናቴ፣ ከመንገድ ውጡ!» ብዬ ጮህኩ። ሸክማቸውን ጥለው ቦይ ውስጥ ዘለሉ። ተሾመ መሪውን ወደ ጋራው በኩል ጠመዘዘ፤ የፊት ጎማው አፈሩ ውስጥ ተሰንቅሮ ከመታጠፊያው አጠገብ ያለ ሜዳ ላይ ቆምን።

እግሬ መኖሩን በእጄ ዳሰስኩ። ተሾመ መሪውን እንደያዘ ረጋ ብሎ «ምንም አልሆነም» አለ። በጣም ተናድጄ ጮህኩበት። «ምንም ካልሆነ ታዲያ ሴትየዋ ቦይ ውስጥ ምን ያደርጋሉ?»

ሴትየዋ ከቦዩ ወጥተው፣ መጀመሪያ ከጎማው ሥር ድንጋይ ሸጎጡ። ከዚያ ቀና ብለው «እኔስ ዘለልኩ። ታች መንገዱ ላይ ሕፃናት ይጫወታሉ፤ እነሱም ይዘላሉ?» አሉን።

ተሾመን ትራክተሩን ትተነው እንሂድ ብዬ ለመንኩት። ትተነው ካደርን ጎማውንም አናገኘውም፣ እርሻው ቀረ ማለት ነው አለኝ። ፊቴን ልታጠብ ውሃ ሳፈስ ጠብታው ግራው ታምቡር ላይ አርፎ ጭስስ አለ። ዞሬ ቀኙ ላይም አፈሰስኩ፤ ድምፅ የለም። በእጄ ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው።

«ሁለት ሰው አንድ ሶፋ ተሸክሞ አንዱን ብቻ ካላበው፣ ሌላው እጁን ብቻ ነው ያስነካው» አልኩት።

ተሾመ አየኝ፣ ቀኙን ታምቡር አየ፣ ክሪኩን አነሳ። ያላላነው ለካ ብቻውን ሲሠራ የነበረውን ነው!

ሌሎቹን ጎማዎች በድንጋይ አስደግፈን፣ ሴትየዋም አግዘውን የቀኙን ጎማ አወለቅን። ታምቡሩ ሲከፈት ውስጡ በዘይት ጨቅይቷል። ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘው ፓራሊዮ ተበልቶ የፍሬኑ ሸራ ዘይት ጠጥቷል፤ እንዲህ ሆኖ በምን ይያዝ! ተሾመ በቤንዚን አጥቦ አደረቀው። ለካራ ያህል ይበቃል፣ ከዚያ ሸራውም ፓራሊዮውም ይቀየራል አለ። ጎማውን መልሰን፣ ሁለቱንም በየተራ እያነሳ፣ በእጅ ሲሽከረከሩ እኩል እስኪፈትጉ አጥብቆ ትንሽ ላላ አደረጋቸው። ትራክተሩን ከአፈሩ ወደ ኋላ አውጥቶ ሜዳው ላይ ፔዳሎቹን ለየብቻ ሞከረ። ቀኙ ያዘ። ከዚያ አብረው እንዲረገጡ ሁለቱን አንድ ላይ ቆለፋቸው።

ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት አንደኛ ማርሽ አስገብቶ እግሩን ከፍሪሲዮን አነሳ። እኔ አልወጣም ብዬ ከጎማው ሥር የምጥለው ድንጋይ ታቅፌ ከጎኑ ሄድኩ። ሴትየዋ እንዳሉትም ታች ሕፃናት የጨርቅ ኳስ ይጫወታሉ። ኳሷ መንገድ ላይ ተንከባለለች፣ አንዲት ልጅ ተከተለቻት። «ያዝ!» ብዬ ጮህኩ። ትራክተሩ ወደ ግራም ሳይል፣ ወደ ቀኝም ሳይል፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ልጅቷ ኳሷን አንስታ ዞር ብላም ሳታየን ሮጠች። እኔ እዚያው አስፋልቱ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ።

ካራ

ከዚያ እኔም ተመልሼ ወጣሁ። በመገናኛና በኮተቤ ታክሲዎቹ ክላክስ እየነፉብን፣ እየተሳደቡ አለፉን። ይሳደቡ። ካራ ስንደርስ ጎረቤት ወጥቶ እልል አለልን። ተሾመ ሞተሩን አጥፍቶ ከወንበሩ አልወረደም። ውረድ እንጂ ስለው ትንሽ ልቀመጥ አለ። እጁን ስይዘው በረዶ ነው።

«የፈራኸው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ሳልከራከር ለክሪኩ ከከፈልኩ ጀምሮ» አለኝ።

ቀኑን ሙሉ ፍርሃቱን ለብቻዬ የተሸከምኩት መስሎኝ ስጮህበት ነበር። ከዚያ ጉዞ ወዲህ ተሾመ ከቁልቁለት ሲመለስ ሁለቱንም ታምቡር ይነካል፤ እኔም እሱ ዝም ሲል ከመጮሄ በፊት እጁን እነካለሁ።