ከግመሉ ሥር የጻፍኩት

በኮሮናው ሰሞን የንስሐ አባቴ በስልክ፣ «ልጄ፣ ይቅር በያት» አሉኝ። «እሺ አባቴ» አልኩና ስልኩን ዘግቼ የማዳሜን ገጽ ከፈትኩ። ማዳሜ ሳውዲ ሳለሁ በቤት ሠራተኝነት ያገለገልኳት ሴት ናት። ፈረንጅ አገር ተሻግሬ፣ ብሌንደን ታውንሺፕ ቤት ገዝቼ፣ ልጅ አሳድጌም ፎቶዎቿን መከታተል አልተውኩም። አንድ ቀን ከፍቷት ማየት ነበር የምፈልገው። እሷ ግን ጭራሽ አምሮባት ትመጣለች።

እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰው ደግፎ ይዞ። እሷ የእናቴን ሞት ሰምታ የበዓል እንግዶቿ እስኪሸኙ ዋጠችው። ሥራ እንዳይጓደልባት ነዋ። ከዚያ ቤተሰቡ በረሃ ለሽርሽር ሲወጣ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። የጥንት ሰዎች ግመልና ፊደል የቀረጹባቸው ቋጥኞች ያሉበት ሸለቆ ነው። ሥጋ እየጠበስኩ ሳለ፣ «እናትሽ እኮ ሞታለች፤ ወንድምሽ ከደወለ ቆየ» አለችኝ። ስጮህ ደግሞ ልጆቼን አስደነገጥሽብኝ ብላ ተቆጣች።

ከቋጥኙ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ሥጋውን የምጠብስበት ሹል ብረት እጄ ላይ ነበር። በእሱ ቋጥኙ ላይ ከተቀረጸው አንዱ ግመል ሥር እንዲህ ብዬ ጫርኩ፦ «የእናቴን መርዶ የደበቀችኝን ሴት ለሚካኤል ሰጥቻታለሁ።»

በፈረንጆቹ 2021 አንድ እሑድ ማዳሜ አዲስ ቪዲዮ ለጠፈች። ያው ሸለቆ ነው። እዚያ የተቀረጸው የጥንት ጽሕፈት የእኛን ፊደል ስለሚመስል አልለየችውም። ቀለበት ያጠለቀ ጣቷን የእኔ ጽሕፈት ላይ አሳርፋ፣ «የአያቶቻችን ቅርስ ይኸውላችሁ፤ የሚያነብልኝ ማነው?» ትላለች። ሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠረችው ልጄ ከኋላዬ አየችና፣ «ማሚ፣ ዳትስ አምሃሪክ» አለችኝ።

ደስታዬን አልደብቅም። አረብኛውን በስድብ ያስተማረችኝ እሷው ናት። ከቪዲዮው ሥር በዚያው በአረብኛ ቃል በቃል ተርጉሜ ጻፍኩላት። ወዲያው ወዳጆቿ ተንጫጩ።

«ሴትዮዋ ማን ናት?» አለች አንዷ።

«ማሚ ፕሊዝ፣ ዲሊት አድርጊው» አለች ልጄ። የንስሐ አባቴም ትዝ አሉኝ።

«ጣቷ እዚያው ጽሕፈቱ ላይ አለ» ብዬ ለጠያቂዋ መለስኩ።