ቫዮሌትን ስንፈልግ

ባለፈው ሳምንት ዝናብ ዘነበና ልጄ የራሰ የሱፍ ሹራቧን ወንበር ላይ ሰቅላ ሄደች። ቤቱ በግ በግ ሸተተ። ቁጭ አልኩና ሚስስ ኤድናን አሰብኳቸው።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ነው፤ ከሱዳን ሎስ አንጀለስ ከገባሁ ብዙም አልቆየሁም። ፌርፋክስ አካባቢ አንድ አፓርታማ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት እንድረዳ ተቀጠርኩ። አውስትራሊያ ገጠር፣ ስንዴና በግ ባለበት እርሻ ነው የተወለዱት። የራሰ ሱፍ ሲሸታቸው «አባቴ መጣ» ይሉ ነበር።

ያኔ ደንዝዤ ነበር። ታናሽ እህቴ ጥሩነሽ ወደ ሱዳን ስንሻገር መንገድ ላይ ተለይታን ቀርታለች። ሞተች የሚል የለም፣ አለች የሚልም የለም። አላለቅስም። ዕቃ አጥባለሁ፣ አልጋ አነጥፋለሁ፣ እጸልያለሁ። ስሟ ጋ ስደርስ ግን ዘልዬ አልፋለሁ፤ ከሕያዋን ጋር ልጥራት ወይስ ከሙታን፣ አላውቅም ነበር።

ረቡዕ ረቡዕ የበግ ሾርባ በገብስ እሠራላቸዋለሁ። ጾም ስለሆነ አልቀምሰውም።

«አስካለ፣ ዛሬም ጨው የለውም!»

«ይቅርታ ሚስስ ኤድና፣ ጾም ነው።»

«አምላክሽ ማንኪያ ጫፍ ላይ ያለችውንም ይቆጥራል? በይ ጨዉን አምጪ። ለመሆኑ በግ ሸልተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኛ ቤት በግ ይታረዳል እንጂ አይሸለትም።»

እስኪያስላቸው ይስቃሉ።

ከምሳ በኋላ በዊልቸር እየገፋሁ ወደ ቤተ መጻሕፍት እወስዳቸዋለሁ። የዘር ሐረጋቸውን ይፈልጉ ነበር። የአገራቸው የድሮ የጋብቻና የሞት መዝገብ ፊልም ተነሥቶ ይመጣል፤ ዓይናቸው ስለደከመ ማሽኑ ላይ እኔ አነብላቸዋለሁ። አያት፣ አጎት፣ የአጎት ልጆች፣ ሁሉም ተገኝቷል። የጠፋችው ታላቅ እህታቸው ቫዮሌት ናት። እሳቸው ሕፃን ሳሉ፣ በጎቹ በሚሸለቱበት ወቅት፣ ከአባቷ ተጣልታ ከእርሻው ወጣች። ከዚያ ወዲያ ስሟ ገበታ ላይ አልተነሣም።

«ሳልሞት የት እንደወደቀች ልወቅ» ይሉ ነበር። የቤተሰቡን ስም ይዘው ዓመታት ፈልገዋታል።

እኔ ግን ይህ የቤተሰብ ስም የሚሉት ነገር አይገባኝም። እኛ ዘንድ ሰው የሚፈለገው በራሱ ስም ነው፤ ከኋላ ያለው የአባቱ ነው። ስለዚህ ቫዮሌት የምትል ባየሁ ቁጥር አነባለሁ።

«የሰው ቫዮሌት ምን ያደርግልኛል? የቤተሰቡን ስም እዪ አልኩሽ እኮ!»

«ኦኬ» እላለሁ፤ አሁንም ቫዮሌት አነባለሁ።

አንድ ቀን ሌላ ስም የተከተላት አንዲት ቫዮሌት አገኘሁ። የገበሬ ሚስት ነበረች። የአባቷን ስም፣ የተወለደችበትን እርሻ አነበብኩ። ሚስስ ኤድና እጄን ያዙኝ። አግብታ፣ በባሏ ስም ተጠርታ፣ ከእርሻቸው በፈረስ ግማሽ ቀን በማይሞላ ቦታ ኖራ ሞታለች።

«እንደገና አንብቢው» አሉ።

አነበብኩ።

ስንመለስ ዝናብ ያዘን። እግራቸው ላይ ያለው የሱፍ ብርድ ልብስ ራሰ። አባቴ መጣ አላሉም። ብዙ ከሄድን በኋላ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣

«አንቺስ፣ የምትፈልጊው ሰው የለሽም?» አሉኝ።

«እህቴ አለች። መዝገብ ግን የላትም።»

«ስሟ ማን ነው?»

ዊልቸሩን ገፋሁ።

እሑድ፣ ተከራይተን በምናስቀድስበት አዳራሽ፣ ቄሱን ጠጋ አልኩ።

«አባ፣ ስም ላስጠራ ፈልጌ ነበር። ግን ትኑር ትሙት አላውቅም።»

«የክርስትና ስሟን ታውቂዋለሽ?»

«ወለተ ኪዳን።»

«በቃ ልጄ። እግዚአብሔር ስሟን እንጂ አድራሻዋን አይጠይቅሽም።»

ያን ቀንም አላለቀስኩም። ማክሰኞ ሥራ ስገባ ግን ኮቴን ሳላወልቅ «ጥሩነሽ ትባላለች» አልኳቸው። ደጋግመው ሊሉት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ተውት እንኳ አላልኳቸውም፤ ሲጠሯት መስማት ፈልጌ ነበር።

ሚስስ ኤድና ካረፉ ቆይቷል። የጥሩነሽ ወሬ እስከ ዛሬ የለም። ልቤም ቢሆን ብዙ አልተፈታም። ጠዋት ስጸልይ ግን ወለተ ኪዳን እላለሁ፤ ቀጥዬ ቫዮሌት፣ ቀጥዬ ኤድና። ዘልዬ አላልፍም። ለዚህም ተመስገን።